ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ዕድሜው ከየት ይቆጠራል?

ልጅዎ በ32ኛው ሳምንት ተወልዶ አሁን 6 ወር ሞላው እንበል። እኩዮቹ ይገላበጣሉ፣ እሱ ገና ነው። ከመደንገጥዎ በፊት ዕድሜውን ያስተካክሉ። ሙሉ እርግዝና 40 ሳምንት ነው፤ ስለዚህ 8 ሳምንት ቀድሞ መጥቷል። ከ6 ወሩ ላይ 2 ወር ገደማ ይቀነሳል። እድገቱ የሚመዘነው እንደ 4 ወር ልጅ ነው ማለት ነው። ይህ ስሌት አብዛኛውን ጊዜ እስከ 2 ዓመት ይሠራል።

ክትባት ላይ ግን አይሠራም! ብዙ ወላጅ የሚምታታበት እዚህ ላይ ነው። የክትባት ቀጠሮ በአብዛኛው የሚቆጠረው ከተወለደበት ቀን ነው።

ዕድሜው ተስተካክሎም ወደኋላ ከቀረ፣ ወይም የለመደውን ነገር ከተወ፣ «ቀድሞ ስለተወለደ ነው» ብለው እባክዎ አይጠብቁ። ቶሎ ያስመርምሩት። የእድገት ድጋፍ አንጎል በፍጥነት በሚያድግባቸው የመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ቢጀመር ይበልጥ ይጠቅመዋል።