ፈርመው የቀሩት

በቤተ ክርስቲያን ስለ ስደት ስንማር የሁለት ዓይነት ሰዎች ታሪክ እንሰማለን። አንዱ በእምነቱ ጸንቶ ሞተ። ሌላው ሀብቱን ጥሎ ተሰደደ። ሁለቱንም እናከብራለን፤ ይገባቸዋልም። ሦስተኛው ሰው ግን ስሙ አይነሳም። «እምነቴን ትቻለሁ» የሚል ወረቀት ቀርቦለት፣ ልጆቹን አይቶ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ የፈረመው ሰው። ዛሬ ስለ እሱ ላወራችሁ እፈልጋለሁ። ታሪኩን ከፈረንሳይ ሁጉኖቶች እወስዳለሁ።

ሁጉኖቶች የሚባሉት የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። ትምህርታቸውን በአብዛኛው ያገኙት ከዣን ካልቪን ነው። እሱ ራሱ ከሀገሩ ሸሽቶ ጄኔቫ የኖረ ፈረንሳዊ ነበር። በ1559 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያውን ሀገር አቀፍ ሲኖዶሳቸውን ፓሪስ ውስጥ በድብቅ አካሄዱ። ከ1562 ጀምሮ ግን ሀገሪቱ ለአሥርተ ዓመታት በሃይማኖት ጦርነት ታመሰች። ብዙዎቻችን የሰማነው በ1572 በቅዱስ በርተሎሜዎስ ዕለት የሆነውን ነው። ለንጉሡ እህት ሠርግ ፓሪስ የገቡ የሁጉኖት መኳንንት ከሠርጉ ጥቂት ቀናት በኋላ ታረዱ። መሪያቸው አድሚራል ኮሊኚ ባረፈበት ቤት ተገድሎ ሬሳው በመስኮት ተወረወረ። ግድያው ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዛምቶ በሺዎች የሚቆጠሩ አለቁ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ሁጉኖቶችም ሰይፍ አንሥተዋል። በ1567 ኒም በተባለችው ከተማ ካቶሊኮችን፣ ቄሶችንም ጭምር፣ ገድለው ጉድጓድ ውስጥ ጥለዋል። በእምነት ስለሚቀርቡን ብቻ ይህን መሸፋፈን አይገባንም።

በ1598 ንጉሥ ሄንሪ አራተኛ የናንት አዋጅን አወጣ። ሁጉኖቶች በተፈቀደላቸው ቦታ ማምለክ ቻሉ። ሰላሙ ሙሉ ባይሆንም ሰላም ነበር። ያንን ሰላም ያፈረሰው የልጅ ልጁ ሉዊ አሥራ አራተኛ ነው። እሱ በአንድ ሌሊት አላፈረሰውም። መጀመሪያ የሥራ መስኮች ተዘጉባቸው። ቤተ ጸሎቶቻቸው በየሰበቡ ፈረሱ። በ1681 ደግሞ የሰባት ዓመት ልጅ የወላጆቹን እምነት ትቶ ካቶሊክ መሆን ይችላል የሚል ሕግ ወጣ። እስቲ የሰባት ዓመት ልጅ ያላችሁ አስቡት።

ከሁሉ የከፋው ግን ወታደሮቹ ናቸው። ድራጉን የሚባሉ ወታደሮች በሁጉኖት ቤቶች እንዲያድሩ ተደረገ። ያለውን ይበላሉ፤ የቀረውን ይሰብራሉ። ሰው እንቅልፍ እንዳይወስደው ሌሊቱን ሙሉ ከበሮ ይደልቃሉ። ባለቤቱ እስኪፈርም አይወጡም። አንዳንድ ከተማ የወታደሮቹን መምጣት ሲሰማ ገና ሳይደርሱ ተሰብስቦ ፈረመ። በጥቅምት 1685 ንጉሡ «ከእንግዲህ ፕሮቴስታንት የለም ማለት ይቻላል» በሚል ሰበብ የአያቱን አዋጅ ሻረ።

አዲሱ አዋጅ ብልጠት ነበረበት። መጋቢዎች በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ከሀገር እንዲወጡ ታዘዙ። እምነቱን ለሚክድ መጋቢ ግን ቀድሞ ከሚያገኘው ደመወዝ በሢሶ የሚበልጥ ጡረታ ተዘጋጀለት። ተራው ምእመን ደግሞ ከሀገር እንዳይወጣ ተከለከለ። ሲሸሽ የተያዘ ወንድ በሰንሰለት ታስሮ የንጉሡን የጦር መርከብ ይቀዝፋል፤ ሴት እስር ቤት ትገባለች።

እንዲያም ሆኖ 200,000 ያህል ሰዎች አመለጡ። ሆላንድ፣ እንግሊዝ፣ ስዊዘርላንድ፣ ብራንደንቡርግ፣ አሜሪካ፣ እስከ ደቡብ አፍሪካው ኬፕ ድረስ ሄዱ። ለንደን ውስጥ ሐር ሸመኑ። በርሊንን በእጅ ሙያቸው ቀየሩ። ኬፕና ካሮላይና ከደረሱት አንዳንዶቹ፣ ያሳዝናል፣ እነሱ ራሳቸው ባሪያ አሳዳሪ ሆኑ። የስደተኞቹ ታሪክ ብዙ ተጽፎለታልና እዚህ ላይ ልተወው።

ፈረንሳይ ውስጥ የነበሩት ሁጉኖቶች ግን ከ700,000 በላይ እንደነበሩ ይገመታል። ቁጥሩን አስሉት። ብዙዎቹ አልሞቱም፣ አልተሰደዱምም። ፈረሙ። መንግሥት «አዲስ ካቶሊኮች» ብሎ መዘገባቸው። እሑድ ቅዳሴ ይሄዳሉ፤ ልጆቻቸውን ቄሱ ያጠምቃል። ማታ መስኮት ዘግተው መዝሙረ ዳዊትን በሹክሹክታ ያነባሉ።

በእነዚህ ሰዎች ላይ መፍረድ ቀላል ነው። እኔ ግን አንድ ሕግ ሳነብ አፌን እዘጋለሁ። በ1686 የወጣ ነው። አንድ «አዲስ ካቶሊክ» ታሞ ሳለ የቄሱን ቁርባን እምቢ ካለና ከዳነ በመርከብ ቀዛፊነት ይቀጣል፤ ሴት ከሆነች ትታሰራለች። ከሞተ ደግሞ ሬሳው በመንገድ ተጎትቶ ቆሻሻ ላይ ይጣላል። እንዲህ ያለ ሕግ ለምን አስፈለገ? እምቢ የሚሉ ስለነበሩ ነዋ! በጤናው ጊዜ ፈርቶ የፈረመ ሰው አልጋ ላይ ወድቆ፣ ሬሳው እንደሚጎተት እያወቀ፣ «አይ፣ እኔ የጌታዬ ነኝ» ይላል።

ጌታ ለጴጥሮስ ያለውን አስታውሱ። «እኔ ግን እምነትህ እንዳይጠፋ ስለ አንተ አማለድሁ፤ አንተም በተመለስህ ጊዜ ወንድሞችህን አጽና» (ሉቃስ 22፥32)። ጌታ ይህን የተናገረው ጴጥሮስ ከመካዱ በፊት ነው። መውደቁን ያውቃል፤ መመለሱንም ያውቃል። «ብትመለስ» አላለውም።

ወደ ውጭ ያመለጡትም መካከል ብዙዎች አስቀድመው የፈረሙ ነበሩ። ለንደን ባሉት የፈረንሳይ ቤተ ክርስቲያኖች መዝገብ ላይ ስማቸው አለ። በጉባኤ ፊት ቆመው በድካማቸው እንደካዱ ተናዘዙ፤ ቤተ ክርስቲያንም መልሳ ተቀበለቻቸው። ነገሩን አላቃለለችውም፤ በሩንም አልዘጋችባቸውም። ይህ ሚዛን ለእኛ ይከብደናል። ወይ «ምንም አይደል» ብለን እናልፋለን፣ ወይ ሰውየውን ዕድሜ ልኩን በወደቀበት ቀን እንጠራዋለን።

በሀገር ውስጥ የቀሩትስ? በደቡብ ፈረንሳይ ባሉት የሴቬን ተራሮች ሸለቆና ዋሻ ውስጥ መሰብሰብ ጀመሩ። ያንን ዘመን ራሳቸው «ምድረ በዳ» ብለውታል። በ1702 አንዳንዶቹ ጦር አንሥተው ተዋጉ፤ ምድሪቱ በደም ታጠበች፣ መንደሮች ተቃጠሉ። በ1715 ግን አንትዋን ኩር የተባለ የሃያ ዓመት ወጣት ጥቂት ሰዎችን ሰብስቦ ሲኖዶስ አደረገ። ሽማግሌዎች ይሾሙ፣ መመሪያችን መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ይሁን አሉ። ሉዊ አሥራ አራተኛ በዚያው ሰሞን ሊሞት ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። «የለም» ያለው ቤተ ክርስቲያን እንደገና ሲደራጅ እሱ አልጋ ላይ ነው። እናንተ ምን እንደምትሉ አላውቅም፤ እኔ እዚህ ጋ የእግዚአብሔርን እጅ አያለሁ። ያ ጉባኤ የተሠራው ከማን ነው? ከፈረሙትና ከልጆቻቸው ነው። ሌላ ሰው አልነበረም!

ያልፈረሙም ነበሩ። ማሪ ዱራን በ1730 ስትታሰር ገና ወጣት ነበረች። ጥፋቷ የመጋቢው የፒየር ዱራን እህት መሆኗ ነው። ወንድሟ በ1732 ሞንፔሊዬ በተባለችው ከተማ በገመድ ተሰቅሎ ተገደለ። እሷ ኤግ ሞርት ባለው የኮንስታንስ ግንብ ውስጥ 38 ዓመት ቆየች። እምነቷን እንደተወች ብትናገር በሩ ይከፈትላት ነበር። ግንቡ ውስጥ ድንጋይ ላይ «ጽኑ» የሚል መልእክት ተጭሮ ይገኛል፤ በትውፊት የእሷ ነው ይባላል። ከዚያ ሆና ለእስረኞቹ እርዳታ እየለመነች፣ ለወንድሟ ልጅም ምክር እየላከች ደብዳቤ ትጽፍ ነበር። በ1768 ተፈታች።

የማሪን ታሪክ በየስብከቱ ብንናገር ደስ ይለኛል። ግን እሷን እያነሣን የፈረሙትን ማሸማቀቂያ አናድርጋት። ግንቡ ውስጥ ያሉትን በጸሎትና በምጽዋት ከደገፉት መካከል፣ በየሸለቆው ለመጋቢዎች መሸሸጊያ ከሰጡት መካከል፣ የፈረሙ ሰዎች ልጆች ነበሩ። «ወንድሞችህን አጽና» የተባለው ለወደቀው ሰው ነው።

በየጉባኤያችን አንድ ዘመን ጌታን ትተው የተመለሱ አሉ። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከቡራኬ በፊት ይወጣሉ። አገልግሎት አይጠየቁም፤ እነሱም አይጠይቁም። ሽማግሌዎች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ከእነሱ አንዱን ቤቱ ሄዳችሁ አናግሩት። ለተፈተነ ወጣት የሚናገረው ነገር እንዳለውም ጠይቁት።