የቤት ድመት፦ ጠባይዋ፣ ምግቧና በቤት ውስጥ የሚያሰጓት ነገሮች

የቤት ድመት ዘሯ ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው። ይህች የዱር ዘመዷ ዛሬም ኢትዮጵያ ውስጥ አለች። ቤት ብትለምድም አዳኝነቷ አልለቀቃትም። ቀኑን ተኝታ ውላ ሲመሽና ሲነጋጋ ቤቱን የምታምሰው የአደን ሰዓቷ ስለሆነ ነው።

ጠባይዋን ማወቅ ከባድ አይደለም። ጭራዋን ቀጥ አድርጋ ከመጣች ሰላምታ ነው። እያየች ዓይኗን ቀስ ብላ ከከደነች ተማምናለች። ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጥፋ ጭራዋን ካወራጨች ግን እጅን መሰብሰብ ይሻላል። ኩርር የሚለው ድምጿ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ደስ ሲላት ብቻ ሳይሆን ሲያማትም ታሰማዋለች። ሕመሟን ትደብቃለች። ምግብ ከተወች ወይም ጥግ ይዛ ከተሸሸገች ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። በተለይ ወንዱ ድመት ሽንት አልወጣ ካለው ማደር የለበትም፤ በቀናት ውስጥ ይሞታል።

በኛ አገር ቤቶች በጣም የሚያሳዝነኝ የምግቧ ነገር ነው። ድመት ያለ ሥጋ ጤና የላትም። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ አይሠራውም፤ የምታገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲጎድላት ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧም ይደክማል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ቤተሰቡ ሲጾም ድመቷም ሽሮ ፍትፍት ይቀርብላታል። ሽሮው ውስጥ ደግሞ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለ፤ ሁለቱም ቀይ የደም ሴሎቿን ያፈርሳሉ። እሷ ጾም የለባትም። ከቅበላ በፊት ልብ ወይም ሥጋ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት ቀቅሎ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። መረቁ አይደፋ፤ ታውሪኑ ሲቀቀል ወደ ውኃው ይወጣል። አቅም ካለ የታሸገ የድመት ምግብ አለ። ወተት ለብዙ ትልልቅ ድመቶች ተቅማጥ ነው፤ ንጹሕ ውኃ ይበቃል።

ፓራሲታሞል በፍጹም አይሰጣት። አንድ ፍሬ ሊገድላት ይችላል። የአይጥ መርዝም ድመት ባለበት ቤት ባይገባ ነው የሚሻለው፤ መርዙን የበላችውን አይጥ ስትበላ እሷም ትመረዛለች። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው የመስኮቱንና የበረንዳውን ክፍተት በወንፊት ሽቦ ይዝጋ፤ ወፍ ስታይ ከፍታውን ትረሳለች።

የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል። ክትባቷን በየጊዜው ማስከተብ ግድ ነው። የማትታወቅ ድመት ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።