ድቡልቡል ትል ባክቴሪያን የምትመክትበት መንገድ

ሲ. ኤሌጋንስ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የምትረዝም ድቡልቡል ትል ናት። ገላዋ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ውስጧ ከውጭ ይታያል። የምትኖረው በሚበሰብስ ፍራፍሬና ቅጠል ውስጥ ሲሆን የምትበላው እዚያ የሚራባውን ባክቴሪያ ነው። ጣጣዋም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ምግቧ ባክቴሪያ፣ ገዳይዋም ባክቴሪያ። ሁለቱም የሚገቡት በአንድ አፍ ነው።

ሰው ጀርም ሲገባበት ነጭ የደም ሕዋሳት እያሳደዱ ይውጡለታል፣ ፀረ እንግዳ አካላትም ይመረቱለታል። ትሏ ግን ፀረ እንግዳ አካል የላትም፤ ጀርም እያደነ የሚውጥ ሕዋስም አልተገኘባትም። በዝንብም በሰውም ትልቅ የመከላከያ ሥራ ያለው ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የተባለ ፕሮቲን እንኳ እሷ ጋ የለም። ያላት ጠንካራ የውጭ ቆዳ፣ ጉሮሮዋ ላይ ባክቴሪያን የሚያደቅ መፍጫ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ከ20 ሕዋሳት ብቻ የተሠራ አንጀት ነው። መፍጫውን በሕይወት ያለፈ ባክቴሪያ የሚገጥመው እነዚህን 20 ሕዋሳት ነው። ምግቡን የሚፈጩትም፣ የሚዋጉትም እነሱው ናቸው።

ባዮሎጂስቱ ሲድኒ ብሬነር በ1960ዎቹ ወደ ቤተ ሙከራ ካስገባት ወዲህ ትሏ ብዙ ተጠንታለች። የበሽታ መከላከያዋ ጉዳይ ግን የተነሳው ዘግይቶ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ማን-ዋህ ታንና ባልደረቦቹ፣ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል በፍሬድሪክ ኦሱቤል ቤተ ሙከራ፣ ሰውን የሚያጠቃው ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የተባለ ባክቴሪያ ትሏንም እንደሚገድል አሳዩ። ሙከራው ቀላል ነው። አጋር የተባለ ጄሊ መሰል ነገር በፈሰሰበት ሳህን ላይ ባክቴሪያው ይቀባል፣ ትሎቹ ይለቀቁበታል፣ ከዚያ እየተመላለሱ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ተመራማሪው በቀጭን ፕላቲነም ሽቦ ነካ ያደርጋታል። ካልተንቀሳቀሰች ሞታለች። ባክቴሪያው አረንጓዴ እንዲያበራ ከተደረገ ደግሞ አንጀቷ ቀስ በቀስ ሲሞላ በዓይን ይታያል። በተለመደው የቤተ ሙከራ ምግቧ 2 ወይም 3 ሳምንት የምትኖረው ትል፣ እዚህ በጥቂት ቀናት ውስጥ ታልቃለች።

ከዚያ ጥያቄው ተገለበጠ፦ ቶሎ የሚሞቱት የትኞቹ ናቸው? በ2002 እ.ኤ.አ. ዴኒስ ኪምና ባልደረቦቹ ጂናቸው በዘፈቀደ ከተለወጠ ትሎች መካከል ከሌሎቹ ቀድመው የሚረግፉትን ለቀሙ። የተበላሹት ጂኖች ኤንኤስዋይ-1 እና ኤስኢኬ-1 የተባሉት ሆነው ተገኙ። ሁለቱም የአንድ የምልክት ቅብብል አባላት ናቸው። ቅብብሉ ቲአይአር-1 ከተባለ ፕሮቲን ይጀምራል። ኤንኤስዋይ-1 ኤስኢኬ-1ን፣ ኤስኢኬ-1 ደግሞ ፒኤምኬ-1ን ፎስፌት የተባለ ትንሽ ኬሚካል እየለጠፈ ያነቃል። ፒኤምኬ-1 በሰው ሕዋስ ውስጥ ፒ38 የሚባለው ፕሮቲን ዘመድ ነው፤ የቀሩትም ሰው ውስጥ አቻ አላቸው።

የመጨረሻው ተቀባይ ኤቲኤፍ-7 ነው። በሰላሙ ጊዜ የመከላከያ ጂኖችን አፍኖ የሚይዘው እሱ ነው። ፎስፌት ሲለጠፍበት ግን ይገለበጥና ያፈናቸውን ጂኖች ራሱ ያነሳሳል። ከዚያ አንጀቱ የባክቴሪያን ግድግዳ የሚንዱ ላይሶዛይሞችንና ሌሎች ፀረ ባክቴሪያ ፕሮቲኖችን ማምረት ይጀምራል።

ይህ ቅብብል ብቻውን አይደለም። ኢንሱሊንን በሚመስል ምልክት የሚሠራው ዳፍ-2 የተባለ ተቀባይ ሲዳከም ትሏ ዕድሜዋ ይረዝማል፣ ባክቴሪያንም የበለጠ ትቋቋማለች። ፊንጢጣዋ ላይ የሚጣበቅ አንድ ባክቴሪያ ሲመጣ ደግሞ ኢአርኬ የተባለ ሌላ መስመር ጭራዋን ያሳብጠዋል፤ እብጠቱ ራሱ መከላከያ ነው።

ግን ጠላትን ከምግብ በምን ትለያለች? ለእኔ የነገሩ ጣዕም እዚህ ላይ ነው። አንዱ መልስ፦ ጀርሙን ሳይሆን የደረሰውን ጉዳት ታያለች። ሱዶሞናስ የሚረጨው ኤክሶቶክሲን ኤ የተባለ መርዝ ሕዋስ ፕሮቲን እንዳይሠራ ያግዳል። ጉዳት የማያደርስ ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ይህንን መርዝ ብቻ እንዲያመርት ሲደረግ ትሏ መከላከያዋን ታነሳለች። መርዙ ሥራውን እንዳይሠራ ከተሰናከለ ግን ዝም ትላለች። ማለትም ማስጠንቀቂያው የፕሮቲን ሥራው መቆም ነው፤ ዚፕ-2 የተባለው ፕሮቲን የሚነሳውም ያኔ ነው። ይሁንና ነገሩ ይህ ብቻ አይደለም። ኤንኤችአር-86 የተባለ ተቀባይ ሱዶሞናስ የሚያመርተውን አንድ ኬሚካል በቀጥታ እንደሚያውቅ በ2023 እ.ኤ.አ. ታይቷል።

መከላከያው ደግሞ በነፃ አይገኝም። አንጀቱ በአንድ ጊዜ ብዙ ፕሮቲን ሲያመርት ፕሮቲን የሚታጠፍበት የሕዋስ ክፍል ይጨናነቃል። ጭንቀቱን የሚያቃልለው ኤክስቢፒ-1 የሚባል ጂን ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ይህ ጂን የሌላቸው እጮች ሱዶሞናስ ላይ ሲያድጉ እንደሚሞቱ አሳየ። አስገራሚው ቀጥሎ ያለው ነው፦ ፒኤምኬ-1ን ጨምረው ሲያጠፉባቸው እጮቹ ተረፉ። ስለዚህ እየገደላቸው የነበረው የራሳቸው መከላከያ ነበር። ምናልባትም ለዚህ ይሆናል የነርቭ ሥርዓቷ እጁን የሚያስገባው። ከ302 ነርቭ ሕዋሳቷ ጥቂቶቹ ኦሲቲአር-1 በተባለ ተቀባይ አማካይነት ይህንን ምላሽ ልክ ያስይዙታል።

ነርቮቿ ሌላም ሥራ አላቸው። በሱዶሞናስ የታመመች ትል ሽታውን ትማርና በኋላ ትሸሸዋለች፤ ይህ በ2005 እ.ኤ.አ. ተረጋግጧል። ትምህርቱ እስከ አራት ትውልድ ይወረሳል የሚል ግኝት በኋላ ቢወጣም፣ ሌላ ቤተ ሙከራ ሙከራውን ደግሞ ያንኑ ውጤት ማግኘት ስላልቻለ ክርክሩ ገና አላበቃም።