ፒ 90 ትንሹ ቁጥር ነው

የነዳጅ ፍለጋ ሪፖርት ላይ ፒ 90 ሲባል ብዙ ሰው ትልቁ ግምት ይመስለዋል። ተቃራኒው ነው። ከዚህ መጠን ያላነሰ ነዳጅ የመኖሩ ዕድል 90 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ጥንቁቁና ትንሹ ቁጥር እሱ ነው። ትልቁ ፒ 10 ነው።

ለምን አንድ ቁጥር አይበቃም? እዚሁ ባሕር ዳር የቆምንበትን መሬት እንይ። ላዩ ጥቁር ባዛልት ነው። የኤሌክትሮማግኔቲክ ጥናት ከጣና አካባቢ ባዛልት ሥር ወፍራም የደለል አለት እንዳለ አመልክቷል። ግን የአለቱ ስንጥቆች የት እንደሚያልፉ ከላይ ሆኖ በዓይን ማየት አይቻልም። እንዲህ ባለ ቦታ አንዱ ጂኦሎጂስት ስንጥቁን ጥቂት መቶ ሜትር አስጠግቶ ቢስለው፣ ነዳጅ ሊያጠራቅም የሚችለው ወጥመድ ይጠባል፤ ግምቱም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ የከርሰ ምድሩ ብዙ ሞዴል ይሠራል፤ ቁጥሮቹም ከሁሉም ተጣምረው ይወጣሉ።

አደራ፣ ይህችን ልብ በሉ፦ በፍለጋ ደረጃ እነዚህ ቁጥሮች የሚነሡት “ነዳጅ ከተገኘ” ብለው ነው። ጉድጓዱ ባዶ የመሆን ዕድሉ ለብቻው ይሰላል።