ፎሊክ አሲድ ምንድን ነው? ለምንስ ከእርግዝና በፊት ይጀመራል?

ፎሊክ አሲድ በፋብሪካ የሚሠራ ቫይታሚን ቢ9 ነው። በጎመን፣ በምስርና በባቄላ ውስጥ ያለው ተፈጥሯዊው ዓይነት ፎሌት ይባላል፤ ምግቡ ሲበስል ግን ብዙው ይጠፋል። ሰውነት አዲስ ሴል ለመሥራት ይፈልገዋል። ሲያንስ የደም ማነስ ያመጣል።

ዋናው ነገር ግን ፅንሱ ነው። አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው የነርቭ ቱቦ ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። ያኔ እኮ ብዙ ሴት የወር አበባዋ መቅረቱን ገና እየተጠራጠረች ነው! ቱቦው በደንብ ካልተዘጋ ልጁ ጀርባው ላይ ክፍተት ይዞ፣ ማለትም በስፓይና ቢፊዳ፣ ወይም አንጎሉና የራስ ቅሉ በወጉ ሳይፈጠር ሊወለድ ይችላል። ይህ ችግር እኛ አገር በብዛት ይታያል። በጣም የሚያሳዝነኝ ደግሞ ብዙ እናቶች ክትትል የሚጀምሩት ከሦስትና ከአራት ወር በኋላ መሆኑ ነው። ያኔ ጤና ጣቢያ የሚሰጣቸው አይረንና ፎሊክ አሲድ ያለበት ኪኒን ለደም ማነስ ይጠቅማል፣ መዋጥም አለባቸው፤ ለነርቭ ቱቦው ግን ጊዜው አልፏል።

ስለዚህ ለማርገዝ ካሰባችሁ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምሩ። መጠኑ በቀን 400 ማይክሮግራም ወይም 0.4 ሚሊግራም ነው፤ እስከ 12ኛው ሳምንት ይቀጥላል። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ልጅ ያረገዘች ግን ከ4 እስከ 5 ሚሊግራም በሐኪም ይታዘዝላታል። በ1991 (በፈረንጆች አቆጣጠር) እንግሊዝ ውስጥ የወጣው ትልቅ ጥናት በነዚህ እናቶች ላይ 4 ሚሊግራም ችግሩ እንዳይደገም 72 በመቶ ያህል እንደሚከላከል አሳይቷል።

ይጎዳል ወይ? በ400 ማይክሮግራም፣ ለአብዛኛው ሰው አይጎዳም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ግን በቀን ከ1 ሚሊግራም አትለፉ፤ ብዙ ፎሊክ አሲድ በቫይታሚን ቢ12 እጥረት የመጣውን የደም ማነስ ያስተካክልና እጥረቱ ሳይታወቅ ነርቭ እየጎዳ እንዲቀጥል ያደርጋል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሆነ፣ አብዝታችሁ የምትጾሙና እጅ እግራችሁን የሚደነዝዛችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ተመርመሩ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ወይም ሜቶትሬክሴት (ለመገጣጠሚያ ብግነትና ለካንሰር የሚሰጥ መድኃኒት) የምትወስዱም ለሐኪማችሁ ንገሩ። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ በተለይ ቫልፕሮዬት የተባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር።

ፋርማሲ ስትገዙ ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። የ5 ሚሊግራሙ ኪኒን ከ400 ማይክሮግራሙ ከ12 እጥፍ በላይ ነው።