«ሜድ ኢን ቬትናም»፦ ስለ ቬትናም ንግድ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የስፖርት ጫማችሁን አውልቁና ምላሱን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት። «ሜድ ኢን ቬትናም» የሚል ጽሑፍ ብታገኙ አይግረማችሁ። ናይኪ ከሚሸጠው ጫማ ግማሽ ያህሉ የሚሠራው እዚያ ነው (ኦሪጅናሉን ማለቴ ነው)። ስለ ቬትናም ስናወራ ግን ወይ «ተአምር ሠሩ» እንላለን፣ ወይ «የቻይና ተላላኪ ናቸው» ብለን እናጣጥላለን። ደጋግሜ የምሰማቸውን ጥቂት አባባሎች ላንሳ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«ኮሚኒስት አገር ናት፤ ለንግድ ዝግ ናት»

አንድ ፓርቲ ብቻ ነው የሚገዛት፤ እሱም ኮሚኒስት ነው። በሯ ግን ወለል ብሎ የተከፈተ ነው። በ1986 ፓርቲው ራሱ «ዶይ ሞይ» የሚባለውን የኢኮኖሚ ማሻሻያ አመጣ። በ1995 ኤስያን የተባለውን የአካባቢውን ማኅበር ተቀላቀለች፤ ከአሜሪካ ጋርም ታረቀች። የዓለም ንግድ ድርጅት ውስጥ ለመግባት 12 ዓመት ደጅ ጠንታ በ2007 150ኛ አባል ሆነች። ኢትዮጵያ በ2003 አመልክታ ከ20 ዓመት በላይ ስትደራደር ላየ ሰው 12 ዓመት ምንም አይደለም። ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ያደረገችው የነፃ ንግድ ስምምነትም ከ2020 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው።

«ያደገችው በርካሽ ጉልበት ነው»

ጉልበቱ ከአውሮፓ አንጻር ርካሽ ነው፤ ማንም አይክድም። ግን ከዚህም የሚረክስ ሞልቷል። በትልልቆቹ ከተሞች ዝቅተኛው የወር ደመወዝ በ2024 አጋማሽ ወደ 5 ሚሊዮን ዶንግ፣ ማለትም 200 ዶላር ገደማ ነበር። የባንግላዴሽ ልብስ ሰፊ ዝቅተኛ ደመወዝ ከዚህ በብዙ ያንሳል። ጉዳዩ የደመወዝ ብቻ ቢሆን ፋብሪካው ሁሉ ዳካ በሄደ ነበር።

ካርታውን ተመልከቱ። ሳምሰንግ ስልክ የሚገጣጥምበት ባክ ኒን ከሃኖይ አጠገብ ነው። ከዚያ እስከ ቻይና ድንበር በመኪና የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው። የጎደለ ዕቃ ካለ ወዲያው ተጭኖ ይመጣል። በደቡብ ደግሞ ካይ ሜፕ የሚባል ጥልቅ ወደብ አለ፤ ግዙፍ መርከቦች ሌላ አገር ወደብ ላይ ዕቃ ሳያገላብጡ ከዚያ በቀጥታ ወደ አሜሪካ ይሄዳሉ። ኮንቴነሩ ጅቡቲ ላይ ቆሞበት ቀን የቆጠረ ነጋዴ ይህ ስንት ብር እንደሚያወጣ ከኔ በላይ ያውቃል።

«ከ400 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኤክስፖርት አድርጋለች፤ ስለዚህ 400 ቢሊዮን ዶላር ገባላት»

ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ በ2024 ወደ 405 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ልካለች። ግን በዚያው ዓመት 380 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ዕቃ ገዝታለች። የተረፋት ወደ 25 ቢሊዮን ነው።

አንድ ስልክ እንውሰድ። ቺፑ ከውጭ ይመጣል። ካሜራውና ሌላው ጥቃቅን ዕቃም በአብዛኛው ከውጭ፣ ወይም እዚያው ከተተከለ የውጭ ፋብሪካ ነው። የባክ ኒን ወጣቶች ይገጣጥሙታል፣ ይፈትሹታል፣ ካርቶን ውስጥ ይከቱታል። ስልኩ ድንበር ሲሻገር ሙሉ ዋጋው «የቬትናም ኤክስፖርት» ተብሎ ይመዘገባል። አገሪቱ ጋ የሚቀረው ግን ደመወዙ፣ ኪራዩ፣ የመብራቱ ክፍያና ጥቂት ግብር ነው። ከወጪ ንግዱ ከመቶ 70 በላይ የሚሆነው የውጭ ኩባንያዎች የሚልኩት ነው። ሃኖይ ያሉ ባለሥልጣናት ይህን አሳምረው ያውቁታል፤ ራስ ምታታቸውም እሱ ነው። የአገሬው ባለሀብት ለነዚህ ፋብሪካዎች ከካርቶንና ከፕላስቲክ አልፎ ዋና ዋናውን ዕቃ የሚያቀርበው መቼ ነው?

ይህ ማለት ግን ሥራው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ካሽው የሚባለውን ለውዝ መሰል ፍሬ ተመልከቱ። ቬትናም የተፈለፈለ ካሽው በመላክ ከዓለም አንደኛ ናት፤ ጥሬውን ግን በብዛት የምትገዛው ከኮትዲቯርና ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች፣ ከጎረቤቷ ከካምቦዲያም ነው። እኛ አፍሪካውያን ከነቅርፊቱ ሸጠን እንቀመጣለን፤ እነሱ ፈልፍለው፣ አሽገው፣ አትርፈው ይሸጣሉ። እዚህ ላይ ፈልፋዮቹ የአገሬው ሰዎች ናቸው።

«አሜሪካ ቻይናን በታሪፍ ስትመታ ቬትናም ትጠቀማለች»

ከ2018 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት እውነት ነበር። ቀረጥ የፈሩ ፋብሪካዎች ድንበር ተሻግረው መጡ። ችግሩ ጥቅሙ ራሱ ዒላማ አደረጋት። አሜሪካ በ2024 ከቬትናም ጋር ባላት ንግድ ከ120 ቢሊዮን ዶላር በላይ ጉድለት መዘገበች። በሚያዝያ 2025 ትራምፕ 46 በመቶ ታሪፍ ብለው ተነሱ። በሐምሌ ወደ 20 ዝቅ አለ። ነገር ግን አንድ ጅራት ተቀጠለበት፦ በቬትናም በኩል አልፏል ለተባለ የሌላ አገር ዕቃ 40 በመቶ። «አልፏል» የሚባለው ምን ያህሉ ቻይና ሲሠራ ነው? ያ ስልክ እኮ ግማሽ አካሉ ከድንበር ወዲያ ነው የመጣው።

ታሪፉን ብቻ ማየትም አይበቃም። በ2023 ግንቦትና ሰኔ ላይ በሰሜን ግድቦቹ ውኃ ሲያጥራቸው መብራት በፈረቃ ሆኖ የኢንዱስትሪ መንደሮች ሥራ ፈቱ። በደቡብ ደግሞ ሩዝ የሚዘራበት የሜኮንግ ደልታ በ2016 እና በ2020 የባሕር ጨው ገብቶበት ማሳው ተጎዳ።

«ቡናቸው ተራ ነው፤ ከኛ ጋር አይወዳደርም»

ይህን ስንል ደረታችን ነፋ ይላል። የቬትናም ቡና ከመቶ 90 በላይ ሮቡስታ ነው፤ መራራ፣ ጠንካራ፣ በብዛት ለፈጣን ቡናና ለኤስፕሬሶ ቅልቅል የሚሆን። የኛ አረቢካ ነው፤ በኪሎም የተሻለ ያወጣል። ግን ቬትናም በ2024 ወደ 1.3 ሚሊዮን ቶን ልካ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች። እኛ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2017 በጀት ዓመት፣ ክብረ ወሰን ባልነው ዓመት፣ የላክነው ወደ 470 ሺህ ቶን ነው፤ ያገኘነውም 2.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ። እርግጥ ከምናመርተው ግማሽ ያህሉን እኛው አፍልተን እንጠጣዋለን፤ በዚህ አልቆጭም። ልዩነቱ ግን ማሳው ላይም አለ። እነሱ ከአንድ ሄክታር ከሁለት ቶን በላይ ያነሳሉ፤ እኛ አንድ ቶንም አንሞላ። በመስኖና በማዳበሪያ ነው፤ ለዚያም የከርሰ ምድር ውኃቸውን እየጨረሱ ነው።

ደግሞ ቡናው ለነሱም አስተማማኝ አልሆነም። ዋጋው ወድቆ በቆየባቸው ዓመታት የማዕከላዊ ደጋው ገበሬ ቡናውን እየነቀለ ዱሪያን ተከለ። ዱሪያን ሽታው የማይቻል፣ ቻይናዎች ግን የሚያብዱለት ፍሬ ነው። በ2022 ቻይና በይፋ ስትፈቅድ ገንዘቡ ጎረፈ፤ በ2024 ሽያጩ ከ3 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። በጥር 2025 ቻይና ካድሚየም የተባለ መርዛማ ብረትና የተከለከለ ቢጫ ቀለም እየመረመርኩ ነው የማስገባው አለች። ፍሬው ጭነት መኪና ላይ ሆኖ የላብራቶሪ ወረቀት ይጠብቅ ጀመር። ያኔ የቡና ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር፤ የነቀለው ገበሬ ግን ቡና የለውም።