የሰልፍና የደረጃ ጥያቄዎች፦ ተፈታኞች የሚያምኗቸው የተሳሳቱ ነገሮች እና እውነታው

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የአፕቲትዩድ ክፍልን የሚለማመድ ተማሪ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተና የሚዘጋጅ ተመራቂ፣ ለባንክ ቅጥር ማመልከቻ ያስገባ ወጣት፣ ሁሉም እንዲህ ያለ ጥያቄ ሊገጥማቸው ይችላል፦ «ሀና በሰልፉ ውስጥ ከፊት 12ኛ፣ ከኋላ ደግሞ 19ኛ ናት። ሰልፉ ስንት ሰው አለው?» የሚጠይቀው ስሌት መደመርና መቀነስ ብቻ ነው። ሆኖም ጎበዝ የሚባሉ ተፈታኞች ጭምር ነጥብ ይጥሉበታል። ለዚህ ተጠያቂው የስሌት ድክመት አይመስለኝም፤ ከአንዱ የጥናት ቡድን ወደ ሌላው ሲተላለፉ የኖሩና ማንም ቆም ብሎ ያልመረመራቸው አባባሎች ናቸው።

«የፊቱንና የኋላውን መደመር ነው»

12 እና 19 ሲደመሩ 31 ይሆናሉ። ጥያቄ አውጪው ይህ ስህተት እንደሚሠራ ስለሚያውቅ 31ን ከምርጫዎቹ መካከል ማስቀመጡ የተለመደ ነው። ነገር ግን ሀና ከፊት 12ኛ ከሆነች ከፊቷ ያሉት 11 ሰዎች ናቸው፤ ከኋላ 19ኛ ከሆነች ከኋላዋ ያሉት 18 ናቸው። በእነዚህ ላይ ራሷን ሀናን ስንጨምር 30 ይሆናል። ከድምሩ ላይ አንድ የሚቀነሰው ሀና ከሁለቱም አቅጣጫ ስለተቆጠረች ነው። ይህን ምክንያት የያዘ ተፈታኝ ቀመሩ ቢጠፋበት እንኳ እዚያው ወንበሩ ላይ መልሶ ያገኘዋል።

«እንግዲያው ሁልጊዜ ደምሮ አንድ መቀነስ ነው»

ይህኛው ይበልጥ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የሚሳሳተው ያጠናው ሰው ነው። አንድ የሚቀነሰው ሁለቱም ቁጥሮች የአንድ ሰው ሲሆኑ ብቻ ነው። የሁለት ሰዎች ሲሆኑ ነገሩ ፈጽሞ ይለያል። ይህን እንመልከት፦ አልማዝ ከፊት 14ኛ ናት፤ በቀለ ከኋላ 18ኛ ነው፤ በመካከላቸው 6 ሰዎች አሉ። ሰልፉ ስንት ሰው አለው?

አብዛኛው ሰው ወዲያው አልማዝን ከፊት፣ በቀለን ከኋላ ያቆማቸዋል። ያኔ 14 ሲደመር 6 ሲደመር 18፣ በድምሩ 38 ይሆናል። ግን አልማዝ ከበቀለ ትቀድማለች ያለው ማን ነው? በቀለ ከፊቷ ቆሞም ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ቁጥሮች ይደራረባሉ፤ በመካከል ያሉት 6 ሰዎችና አልማዝና በቀለ ራሳቸው በሁለቱም ወገን ተቆጥረዋል ማለት ነው። ስለዚህ ከ14 እና ከ18 ድምር፣ ከ32 ላይ፣ 8 ይቀነሳል፤ መልሱ 24 ነው። ማረጋገጥም ይቻላል፦ በ24 ሰው ሰልፍ ውስጥ ከኋላ 18ኛ የሆነው በቀለ ከፊት 7ኛ ነው፤ ከ8ኛ እስከ 13ኛ ያሉት 6 ሰዎች በመካከል ናቸው፤ አልማዝ 14ኛዋ ላይ ትገኛለች። ምንም የተዛነፈ ነገር የለም።

ጥያቄው «ቢያንስ ስንት ሰው» ካለ 24፣ «ቢበዛ» ካለ 38 ይመለሳል። ሁለቱንም ካላለና ማን እንደሚቀድም ካልነገረን «መረጃው በቂ አይደለም» የሚለው ምርጫ ትክክል ነው። ብዙዎች ይህን ምርጫ ሲያዩ የሰነፍ መሸሻ ይመስላቸውና ያልፉታል፤ እኔ ግን አስቦ ለደረሰበት ሰው ከማንኛውም ቁጥር የማያንስ መልስ ነው እላለሁ።

«ቦታ ሲለዋወጡ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይሰላል»

ሰዎቹ ይንቀሳቀሳሉ እንጂ ቦታዎቹ አይንቀሳቀሱም። ሀና ከግራ 10ኛ፣ ዳዊት ከቀኝ 9ኛ ናቸው፤ ቦታ ሲለዋወጡ ሀና ከግራ 15ኛ ሆነች እንበል። አሁን የተቀመጠችው በዳዊት የቀድሞ ቦታ ነው፤ ያ ቦታ ከግራ 15ኛ፣ ከቀኝ 9ኛ ስለሆነ በረድፉ ያሉት 23 ናቸው። ዳዊትም የሀናን ቦታ ስለያዘ ከቀኝ 14ኛ ይሆናል። ሌላ ስሌት አያስፈልግም።

«ሁለቱም ከማርታ ከበለጡ ቅደም ተከተሉ ታወቀ»

ሰላም ከማርታ ትረዝማለች፤ ዮናስም ከማርታ ይረዝማል። ከዚህ የምናውቀው ማርታ ከሦስቱ አጭሯ መሆኗን ብቻ ነው። በሰላምና በዮናስ መካከል ማን እንደሚረዝም አንድም ቃል አልተነገረንም፤ ስሟ ቀድሞ ስለተጻፈ ሰላምን ከላይ ማስቀመጥ የራስን ግምት በጥያቄው ውስጥ መጻፍ ነው። በሌላ ጥያቄ ውስጥ «ዮናስ ከማርታ አይበልጥም» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢመጣም ዮናስ ያንሳል ማለት አይደለም፤ እኩል የመሆን ዕድልን ክፍት ትቶታል።

«ሁሉንም አሰላለፍ መሞከር ግድ ነው»

አምስት ሰዎች በ120፣ ስድስት ሰዎች በ720 ዓይነት መንገድ ሊሰለፉ ስለሚችሉ በሙከራ ማንም አይዘልቀውም። አስፈላጊም አይደለም። አምስት ተማሪዎች የተለያየ ውጤት አግኝተዋል፦ ሀና ከሰለሞን ትበልጣለች፣ ሰለሞን ከመላኩ ይበልጣል፣ ለምለም ደግሞ ከረድኤት ትበልጣለች። ሀና አንደኛ አይደለችም፤ መላኩ መጨረሻ አይደለም። ሦስተኛው ማን ነው?

ከመጀመሪያው ፍንጭ የሚጀምር ሰው ይዋልላል። ከጫፎቹ እንጀምር። አንደኛ ማን ሊሆን ይችላል? ሀና አይደለችም፤ ሰለሞንና መላኩ ከሀና በታች ናቸው፤ ረድኤት ከለምለም በታች ናት። የቀረችው ለምለም ናት። መጨረሻስ? መላኩ አይደለም፤ ሀና፣ ሰለሞንና ለምለም እያንዳንዳቸው ከበታቻቸው የሚገኝ ሰው አላቸው፤ ስለዚህ ረድኤት ናት። በመካከሉ ሀና፣ ሰለሞን፣ መላኩ በቅደም ተከተላቸው ይገባሉ፤ ሦስተኛው ሰለሞን ነው። ሥራውን የሠሩት «አይደለም» የሚሉት ሁለት ፍንጮች ናቸው፤ ተፈታኞች ቶሎ የሚያልፏቸውም እነርሱን ነው።

«ሥዕል መሳል ጊዜ ማባከን ነው»

በአሜሪካ ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ የሚሰጠው ኤልሳት የተባለው ፈተና ለረጅም ዓመታት ሰዎችንና ነገሮችን በቅደም ተከተል የማስቀመጥ እንቆቅልሾች ያሉበት ክፍል ነበረው። ዓይነ ስውራን ተፈታኞች ሥዕላዊ ንድፍ መሥራት ስለማይችሉ ክፍሉ ይጎዳናል ብለው ተከራከሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ስምምነት ተደረሰ፤ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮም ክፍሉ ከፈተናው ወጥቷል። ንድፍ ለእነዚህ ጥያቄዎች ምን ያህል መሠረታዊ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። አንድ መስመርና ጥቂት የስም የመጀመሪያ ፊደላት በቂ ናቸው። ሰዎቹ ፊታቸውን ወደ እኛ ካዞሩ ግራቸው የእኛ ቀኝ መሆኑንም መስመሩ ላይ ቀስት አድርጎ ማስታወስ ይጠቅማል።

«ቀመሩ ለሰልፍም ለክፍል ደረጃም እኩል ይሠራል»

በሰልፍ ውስጥ ሁለት ሰዎች አንድ ቦታ ላይ አይቆሙም፤ በውጤት ግን እኩል መውጣት አለ። አራት ተማሪዎች 90፣ 80፣ 80 እና 70 አግኝተዋል እንበል። 80 ያገኙት ሁለቱም ከላይ 2ኛ፣ ከታችም 2ኛ ናቸው። ቀመሩን ብንከተል 2 ሲደመር 2 ሲቀነስ 1፣ ሦስት ተማሪ ይሰጠናል፤ ተማሪዎቹ ግን አራት ናቸው። የደረጃ ጥያቄ ሲመጣ «ሁሉም የተለያየ ውጤት አግኝተዋል» ወይም «እኩል የወጣ የለም» የሚል ሐረግ መኖሩን መጀመሪያ ይፈልጉ፤ ካለ ቀመሩን ያለ ስጋት ይጠቀሙ።